ሚዳቋዋና ቃል የሚሸከመው ጉም

አንድ ጊዜ፣ ጉም ቃል መሸከም ይችል በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ረጅም ገደል ሥር «የሯጮች ቤት» የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። የዛሬ ጉም ከማቀዝቀዝ በቀር ሥራ የለውም፤ የያኔው ግን እንዲህ ሥራ ፈት አልነበረም። አመሻሽ ላይ አንዱ ከገደሉ ፊት ቆሞ ሲናገር በአካባቢው ያለ ሁሉ ወዲያው ይሰማዋል። ከዚያ ገደሉ ቃሉን ለጉሙ ይሰጣል፤ ጉሙም ይዞት በየሸለቆው ሲዞር ያድራል። መልሱን ጎሕ ሲቀድ ቀስ ብሎ ይዞ ይመለሳል። ከሩቅ የመጣ ድምፅ ለስለስ ያለ ስለሆነ፣ የሚሰማው ሁሉ ነቅቶ ይሁን እያለመ ለመለየት ትንሽ ይቸገር ነበር።

ቤቱን ያቋቋመው አንድ ያረጀ አንበሳ ነው። ተማሪዎቹን ላይበላ ምሏል፤ እውነቱን ለመናገር ከጥርሶቹ የቀሩት ሦስት ብቻ ስለነበሩ መሐላው ብዙም አልከበደውም። አሠልጣኙ ኤሊ ነው። አትሳቁ፤ ኤሊ ራሱ አይሩጥ እንጂ የትንፋሽን ነገር እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ተማሪዎቹም «የኔታ» እያሉ ይጠሩታል። ለሯጮቹ ከወንዝ ውኃ የሚያመላልሰው አህያ ነው። አህያ ሕግ አክባሪ ነበር፤ «በዚህ መንገድ ሂድ» ካሉት መንገዱን ጎርፍ ቢወስደው እንኳ በዚያው ነው የሚሄደው።

ወደዚህ ቤት አንድ ቀን ሽውታ የምትባል ወጣት ሚዳቋ ከቆላ መጣች። እናቷ አንድ እግሯ አንካሳ ነው፤ ከሽውታ ሌላ ልጅም የላትም። ስትሸኛት እንዲህ ብላ ነበር፦

«ልጄ፣ እኔ በዚህ እግሬ አልከተልሽም። ድምፅሽን ብቻ አታጥፊብኝ።»

ሽውታ በደረሰችበት ቀን አመሻሽ ከገደሉ ፊት ቆመችና፣ «እናቴ፣ ደርሻለሁ! ሜዳው ሰፊ ነው። ሣሩ ግን እንደኛ አገር አይጣፍጥም» አለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ጉሙ እያዘገመ መጣ፤ ከውስጡም የእናቷ ድምፅ ወጣ። «ሰማሁሽ የኔ ልጅ። ሣሩን አትናቂ፤ ብዪ።»

ሽውታ በላች፤ ሮጠችም። የዕለቱን ሩጫ ማታ ማታ ለእናቷ ስታወራ ሌሎችም መስማት ጀመሩ። ክንፏ ተሰብሮ ጎጆዋ ውስጥ ተቆራምዳ የኖረች አንዲት ቆቅ፣ «ስትሮጪ እየሰማሁ እኔም ዛሬ እስከ በራፌ ወጣሁ» ብላ ላከች። የሽውታ ጉልበት ባበጠ ጊዜ ደግሞ ስሙን እንኳ የማታውቀው አንድ ሽማግሌ አጋዘን ከደጋ፣ «ሦስት ቀን አትሩጪ፤ ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ቁሚ» ሲል መከራት። እንዳለው አደረገችና እብጠቱ ጠፋ። የኔታ ኤሊ ጉልበቷን ዞሮ አየና፣ «ይህን እኔም አላውቀውም ነበር» አለ። ለመዞር ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ለማመን ግን ጊዜ አልፈጀበትም።

ጉሙ ሁልጊዜ ደግ ነገር ብቻ አያመጣም። አንድ ቀን ለሌላዋ ሯጭ ለሰጎን፣ «ክንፍ ይዘሽ በእግርሽ የምትሄጂ ምን ይሉሻል?» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ማን እንዳለው አልታወቀም፤ ጉም ቃል እንጂ ፊት አይሸከምም። ሰጎን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ያን ጊዜ የኔታ ኤሊ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ልጆቼ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተጠንቀቁ» አላቸው። እንዴት እንደሚጠነቀቁ ግን አልነገራቸውም።

ከገደሉ ማዶ ቀበሮ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማል። አጠገቡ ጅብ ተጋድሞ ስለ ሥጋ ያልማል።

«አያ ጅቦ» አለው ቀበሮ፣ «ያቺ የሯጮች ቤት ሚዳቋ እንዴት ናት?»

«ፈጣን ናት» አለ ጅብ በምሬት። «ሁለት ጊዜ ሞክሬ አቧራዋን ብቻ ነው የበላሁት።»

«የሚሮጥ አይባረርም አያ ጅቦ። ቀድመህ ጠብቃት።»

«በየት እንደምትሮጥ በምን አውቃለሁ?»

«እሷው ትነግርሃለች።»

ጅብ ይህን ነገር እንደ አጥንት ሲያላምጠው ቆየ። «ለምንድን ነው የምትነግረኝ?»

«ላንተ ብላ አይደለም፤ የምትነግረው ለሁሉም ነው። አንተም ከሁሉም አንዱ ነህ።»

ጅብ ከሁሉም አንዱ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማንም ጋር የቆጠረው አልነበረም። ሥጋው ለጅብ፣ ጉበቱ ለቀበሮ እንዲሆን ተስማሙ።

በማግሥቱ ጉሙ እንደ ማር የጣፈጠ ድምፅ ለሽውታ ይዞ መጣ። «እኅት ዓለም፣ እዚህ ምን ያህል እንደምንወድሽ ብታውቂ! ጠዋት በየት በኩል እንደምትሮጪ ብታሳውቂን ከመንገዱ ዳር ቆመን እናጨበጭብልሽ ነበር።» ወዲያው ከኋላው አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «እኔም እወድሻለሁ! በተለይ ታፋሽን!» አለ።

ሽውታ ፈገግ አለች። ሯጭ ታፋው ሲወደስለት ደስ ይለዋል፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነውና። «እንዴት ያለ ሩጫ አዋቂ ነው!» አለች። ማዶ ግን ቀበሮ ጅብን፣ «ዝም በል አላልኩህም?» እያለ ይቆጣው ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጅብ። «እውነቴን ነው የተናገርኩት።»

ሽውታ በዚያው ዕለት አመሻሽ ከገደሉ ፊት ቆመች። «ወዳጆቼ፣ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ በጥድ በር በኩል ብቻዬን እሮጣለሁ» አለች። ጥድ በር በሁለት አለቶች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ግራ ቀኙን ጥድ ወርሶታል።

ጠዋት ጉሙ ምድርን ከሰማይ አቀላቅሎት ነበር። ሽውታ እግሯ መሬት የማይነካ መሰላት። ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ የሚሉት ጥዶች ሊቀበሏት የቆሙ እንግዶች መሰሏት፤ አሁን ያጨበጭባሉ፣ አሁን ይጠሩኛል እያለች ወደ በሩ ተጠጋች። እዚያ ጅብ ትንፋሹን ውጦ አድፍጧል። ዝም ብሎ ቢዘል ኖሮ ተረታችን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ያን ሁሉ ቀን የተመኘው ታፋ ከጉሙ ሲወጣ ባየ ጊዜ ደስታው አሸነፈውና፣

«ታፋዬ!» ብሎ ጮኸ።

ሽውታ ድምፁን አወቀችው። በአየር ላይ እንዳለች ተጠማዘዘች። የጅብ ጥርስ የታፋዋን ቆዳ ገሸለጠው እንጂ እሷን አላስቀራትም። እየደማች፣ እየወደቀችና እየተነሣች የሯጮች ቤት ገባች።

አንበሳ የሆነውን ሲሰማ አፈረም፣ ተቆጣም። በእሱ ጥላ ሥር ያለች ልጅ ተነክሳለች። «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ አወጀ፣ «ለገደሉ የሚናገር ሯጭ ይህን ቤት ይልቀቅ። ዝምታ ወርቅ ነው!» የኔታ ኤሊም ራሱን ወደ ጀርባው ድንጋይ ከተተና አንዳች ነገር ሳይናገር ቀረ።

አህያ ግን አዋጁን ሦስት ጊዜ አስደግሞ በቃሉ ያዘው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ይመጣል፤ የሚያደርሰው መልስ ስለሌለው በሜዳው ላይ ትንሽ ይንከራተትና ባዶውን ይበተናል። ሰጎን የሚሰድባት ጠፋ። ቆቅም ከበራፏ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። ሽውታ ታፋዋን እያስታመመች ማታ ማታ ገደሉን ከሩቅ ታየዋለች። በውስጧ «እናቴ፣ አለሁ» ትላለች፤ በውስጥ የተባለን ነገር ግን ያን ዘመን ጉም እንኳ አይሸከመውም።

ቆላ ያለችው እናት አንድ ቀን ጠበቀች። አምስት ቀን ጠበቀች። በዐሥረኛው ቀን፣ «ልጄ በሕይወት ብትኖር ድምፅዋን አታጠፋብኝም ነበር» አለችና በሦስት እግሯ ሽቅብ መንገድ ጀመረች። ለምታገኘው ሁሉ፣ «ሽውታን ያያችሁ?» ትላለች። በአራተኛው ቀን መንገድ ላይ ያገኘችው ቀበሮን ነው።

«ሽውታን?» አለ ቀበሮ። «ምነው እማማ፣ ልጅሽማ ደኅና ናት! በወንዙ መሻገሪያ በኩል ነይ፤ ነገ ጠዋት እዚያው ታገኚያታለሽ።» ሌሊቱን ሮጦ ለጅብ ነገረው።

በማግሥቱ ጠዋት አህያ ውኃ ሊቀዳ ወንዝ ወርዷል። ጉሙ ከውኃው በላይ ተኝቷል፤ ከማዶ ዳርቻ ጅብና ቀበሮ ሲነጋገሩ ይሰማል።

«መቼ ነው የምትደርሰው?» ይላል ጅብ።

«ታገሥ። እናትየዋ አንካሳ ናት፤ ፀሐይ ጉሙን ስትገፈው መሻገሪያው ላይ ትሆናለች።»

አህያ ውኃውን ሳይሞላ ተመለሰ። ሽውታን ከሜዳው ጥግ ተኝታ አገኛት።

«አንድ ነገር ሰማሁ» አላት። «መናገሩ ግን ክልክል ይሁን አይሁን አላወቅሁም።»

«ስለ ገደሉ ነው?»

«አይደለም። ስለ እናትሽ ነው።»

ሲነግራት ሽውታ ብድግ አለች። አንበሳ ገና ተኝቷል፤ ተቀስቅሶ፣ ተቆጥቶ፣ ተነግሮት እስኪገባው ፀሐይ ትወጣለች። የኔታ ኤሊማ ዛሬ ቢነሣ የሚደርሰው ነገ ነው። እሷም ብትሆን በቆሰለ ታፋዋ ከጅብ ጋር አትታገልም። ያላት አንድ ድምፅዋ ብቻ ነበር። ወደ ገደሉ ዞረች።

«አዋጁ!» አለ አህያ ደንግጦ። «ትባረሪያለሽ!»

«ልባረር» አለችና ባላት ኃይል ጮኸች። «ወዳጆቼ ሆይ! ሽውታ ነኝ! አሁን በጥድ በር በኩል ብቻዬን ልሮጥ ነው! ታፋዬ ገና አልዳነም፤ እያነከስኩ ነው!»

ገደሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኘውን ድምፅ ደጋግሞ አስተጋባው። በመሻገሪያው የጅብ ጆሮ ቀጥ አለ።

«ወጥመድ ነው አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ። «ስንት ቀን ዝም ያለች ልጅ ዛሬ ምን አናገራት?»

«ታፋዬ አለች» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «እኔን ነው የጠራችው።»

«አሮጊቷ እኮ መድረሷ ነው!»

«አሮጊቷን አንተ ጠብቃት» ብሎ ሽቅብ ጋለበ።

ድምፁን የሰማ ሌላም ነበር። አንበሳ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ፣ «አዋጄን!» ሲል አገሣ። «ይባስ ብላ ቦታውንም ነገረችኝ! እዚያው ሄጄ በጆሮዋ ይዤ ነው የማስወጣት።» እሱም ወደ ጥድ በር ገሠገሠ።

ሽውታ ግን ወደ ጥድ በር አልሄደችም፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠች። ቁስሏ ተከፈተ። የኔታ እንዳስተማራት ትንፋሽዋን መቁጠር ጀመረች፦ በአራት እርምጃ ማስገባት፣ በአራት እርምጃ ማስወጣት። ጉሙ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያሳልፋታል። ሕመሙ የሌላ ሚዳቋ ሕመም መሰላት፤ አጠገቧ የምትሮጥና ስሟን የማታውቃት ሚዳቋ።

መሻገሪያው ጋ ስትደርስ እናቷ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ነበር። ራሷን ቀና አድርጋ ገደሉን እየሰማች ነው።

«ድምፅሽን ሰማሁት» አለች እናት ዞር ሳትል። ያየችውን ሕልም እንዳይበተንባት የፈራች ትመስላለች። «ከዚያ በኋላ እግሬ አልሄድ አለኝ።»

ሽውታ ውኃው ውስጥ ገብታ አንገቷን በእናቷ አንገት ላይ አደረገች። ሁለቱም አለቀሱ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ደስ ይላል።

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሁለት የሚያነክሱ ሚዳቋዎችን አየና ልቡ ተመኘ። ቀስ ብሎ በኋላቸው ሲመጣ፣ ከሽውታ ኋላ የተከተለው አህያ ደረሰ።

«ሽውታ» አለ አህያ፣ «መራገጥ በአዋጁ ተከልክሏል እንዴ?»

«አልተከለከለም።»

አህያ ጀርባውን ሰጠና ረገጠ። ቀበሮ ወንዙን ሳይነካ ተሻገረው።

በጥድ በር ደግሞ ጅብ አድፍጧል። ከጉሙ ውስጥ የእርምጃ ድምፅ መጣ። «እያነከሰች ነው፤ ረገጥ ረገጥ ትላለች» አለ በልቡ። ያለፈው ስህተቱ ዘግይቶ መዝለሉ መስሎት ነበርና ሳያይ ዘለለ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይህኛው ጅብ ግን ጎፈር ነከሰ።

«ታፋዬ!» አለ አፉን እንደሞላ።

«ማነው ታፋህ?» ሲል አንበሳ አገሣ።

ጅብ ሦስት ወንዝ ዞር ሳይል ሮጠ። ያን ዕለት የየኔታ ኤሊ ዓይን ቢያርፍበት ኖሮ የሯጮች ቤት ይቀበለው ነበር።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አንበሳ ጎፈሩ በአንድ ወገን ተነጭቶ፣ ከዚያም በላይ ኩራቱ ተነክቶ ተቀመጠ።

«ሽውታ፣ አዋጅ ጥሰሻል» አላት።

«ጥሻለሁ ጌታዬ።»

«ዋሽተሽኛልም።»

«እርስዎን ብዬ አልነበረም።»

«የተናገርሽው ለሁሉም ነው፤ እኔም ከሁሉም አንዱ ነኝ! ቤቱን ትለቂያለሽ።»

ሽውታ አንገቷን ደፋች። እናቷ ግን እያነከሰች ወደ ፊት መጣች። «ጌታዬ፣ እኔን ከቤቴ ያወጣኝ ጅብ አይደለም። ጅብማ መንገድ ላይ ነው የጠበቀኝ። ከቤቴ ያወጣኝ ዝምታዋ ነው።»

በዚህ መሐል ከጠዋት ጀምሮ ወደ ስብሰባው ሲመጣ የነበረው የኔታ ኤሊ ደረሰ። ጥቂት አረፈና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ የሚባረር ካለ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ትንፋሽ ሳስተምር አንድንም ተማሪ ‹አትተንፍስ› ብዬ አላውቅም። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ ነው ያስተማርኩት። አንደበት ላይ ሲደርስ ግን መጀመሪያ ‹ተጠንቀቁ› ብዬ ተውኳቸው፤ ኋላም እርስዎ ሲከለክሉ ራሴን ድንጋዬ ውስጥ ከተትኩ። ማስተማር ነበረብኝ።»

«ምን ብለህ?» አለ አንበሳ።

«የሮጣችሁበትን ለገደሉ ንገሩ፤ የምትሮጡበትን ለእኔ ብቻ ንገሩ። ፊቱን ለማታዩት ተሳዳቢ ሰባት ትንፋሽ ሳትቆጥሩ አትመልሱ፤ ሰባተኛው ላይ መልሱ ሳያስፈልግ ይቀራል። ፊቱን የማታዩት ሲያመሰግናችሁም ምናችሁን እንዳመሰገነ ልብ በሉ።»

አንበሳ የተነጨ ጎፈሩን በመዳፉ ዳሰሰ። እሱም ሚዳቋ አገኛለሁ ብሎ ከጅብ ጋር የተገናኘው የሚሮጡበትን ቀድሞ በመስማቱ እንደሆነ ትዝ አለው። ቆይቶ፣ «አዋጁ ተሽሯል» አለ። «ሕጉ ይህ ይሁን። ልጅቷም ትቆይ፤ እናቷም እግሯ እስኪያርፍ እዚሁ ትሁን።»

አህያ፣ «አንድ ጊዜ ይደገምልኝ» ብሎ ለመነና ተደገመለት።

ሽውታ ታፋዋ ሲድን እንደገና መሮጥ ጀመረች። አንድ አመሻሽ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ ከገደሉ ፊት ቆመችና በረጅሙ ተንፍሳ፣ «ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት በጥድ በር ሮጬ ገባሁ። እናቴም አጠገቤ ናት» አለች።

በማግሥቱ ጉሙ ሞልቶ መጣ። ቆቅ እስከ ጓሮዋ እንደደረሰች ተናገረች፤ ከደጋ ሽማግሌው አጋዘን ስለ ጉልበቷ ጠየቀ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ሁሉ ድምፅ ሰሙ። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ሩቅ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ እያለከለከ ደረሰ፦

«ዛሬ ጠዋት? ወይ ነዶ! ምናለ ትናንት ብትነግሪኝ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ድምፁ ለሁሉም የሚደርስለት ሰው ዝም ማለትን ሳይሆን ምኑን አሁን ተናግሮ ምኑን ቆይቶ እንደሚናገር መማር እንዳለበት ነው፤ ከሚሰሙት መካከል እናትም ጅብም አሉና።